ልክ የነበረው ሰዓት

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ሴት ልጄ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጣለች። ኮምፒውተር ጠጋኙ ከኋላዋ ቆሞ አንድ እጁን የወንበሯ መደገፊያ ላይ አሳርፏል። ወንድ ልጄ መስኮቱ አጠገብ ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ ቆሟል። እኔ በቡፌውና በግድግዳው መካከል ነበርኩ፤ እዚያ ብቆም የማንንም መንገድ አልዘጋም። ከበሩ ኋላ ሻንጣዬ አለ። ጠዋት ያዘጋጀሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ሻንጣው ለምን እዚያ እንደቆመ ማስረዳት አለብኝ። ባለቤቴ ከሞተ ዘጠኝ ወር ሆኖት ነበር። ሴት ልጄ ትዳሯ ከፈረሰ ወዲህ ቀራንዮ ከእኔ ጋር ትኖራለች። በጸሐፊነት ትሠራበት የነበረው የግል ክሊኒክ ሲዘጋ ሌላ ሥራ ብትፈልግ አጣች። በመጨረሻ ዓረብ አገር ለመሄድ ተመዘገበች። ቪዛዋ ወጥቶ ኤጀንሲው እስከ ሰኞ ቁርጡን እንድትነግረው ቀጥሯታል። እሷ ከሄደች እኔ ብቻዬን እዚህ አልቀርም። ወንድ ልጄ ዘነበወርቅ ካለው ቤቱ አንድ ክፍል አስለቅቆልኛል፤ ይህኛው ቤት ይከራያል። ሦስታችን ተቀምጠን የተስማማንበት ነገር ነው። ማንም አልጮኸም።

ይህ ከተወሰነ በኋላ ነው ሌላው ሥራ የመጣው። አንድ የውጭ አገር ድርጅት፣ ከቤታቸው ሆነው የሐኪሞችን ድምፅ እያዳመጡ የሕሙማንን ካርድ የሚተይቡ ሰዎች ይፈልጋል። ልጄ ተፈተነች፤ በፍጥነትም በእንግሊዝኛም አለፈች። ትየባ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ገና ልጅ ሳለች ፊደሎቹን እንዳታይ እጇንና የጽሕፈት መኪናውን በፎጣ ሸፍኜ ነበር የማስጽፋት። እና አለፈች። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምትሠራበት ኮምፒውተር በቪፒኤን ከድርጅቱ ጋር ተገናኝቶ፣ የሥራው ገጽ ተከፍቶ መታየት አለበት። ቀነ ገደቡ ያው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እስከዚያ ካልገባች ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ያልፋል። ከገባች ዓረብ አገር አትሄድም፤ እሷ ካልሄደች እኔም ከቤቴ አልወጣም። ሻንጣውን ያዘጋጀሁት ለማንኛውም ብዬ ነው።

ጠጋኙ ጦር ኃይሎች ሱቅ ያለው፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነው። ባለቤቴ ደንበኛው ስለነበር ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሰባት ሰዓት ላይ ሲደርስ ጫማውን በረንዳው ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። አታውልቅ ብለው አልሰማኝም።

«እትዬ፣ ጋሼ ቢኖሩ ይሄኔ በጥያቄ ወጥረው ይይዙኝ ነበር» አለ።

«ዛሬ የሚጠይቅህ የለም» አልኩት።

ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዕቃዎች አሉ፤ የልጄ ስልክ፣ ወንድ ልጄ ከቤቱ ያመጣው አሮጌ ላፕቶፕ፣ እና የባለቤቴ ትልቁ ኮምፒውተር። ድርጅቱ የላከው ወረቀት ስልኩ የግድ እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በእሱ ነው። ከሁለቱ ኮምፒውተሮች አንዱ ከሠራ ይበቃል።

«ሦስቱም በተለያየ ሲስተም ነው የሚሠሩት» አለ ጠጋኙ። «ሦስት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት፣ እትዬ፣ ሦስት አማት ማለት ነው። ለአንዷ አቅርበህ ያስመሰገነህ ወጥ ለሌላዋ ስድብ ነው።»

ልጄ ሳቀች። ከሳምንት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ቪፒኤን የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ጠጋኙ ዕቃዎቹን እየሰካካ ነገረኝ። «ከዚህ ጠረጴዛ ተነስቶ እዚያ እነሱ ቢሮ ድረስ የሚዘልቅ፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው መተላለፊያ በሉት። ውጭ ያለ ሰው አንድ ነገር እንዳለፈ ያውቃል፤ ምን እንዳለፈ ግን አያይም። የሕመምተኛ ምሥጢር ስለሆነ በሜዳ አይላክም።»

ገባኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ስሠራ ምሥጢራዊ ደብዳቤ በሁለት ፖስታ ነበር የምናሽገው። በውስጠኛው ላይ ማኅተም ይመታል፤ የውጭኛው ላይ አድራሻ ብቻ ይጻፋል። ይህንን ነገርኩት።

«ልክ ነው! እርስዎማ ጨርሰውታል» አለ። «ልዩነቱ እዚህ ፖስተኛውም ዓይኑ መሸፈኑ ነው።»

ከስልኩ ጀመሩ። ጠጋኙ ገና ሲከፍተው በምላሱ ጠቅ አደረገ። ልጄ ባንድ ወቅት አገር ውስጥ አንዳንድ ድረ ገጾች ሲዘጉ፣ ሰው ሁሉ እንዳደረገው እነሱን ለመክፈት አንድ ነፃ ቪፒኤን ጭና ነበር።

«ይሄ መጀመሪያ ይውጣ። ሁለት ቪፒኤን በአንድ ስልክ አይሆንም። አንዱ ሲከፍት ሌላው ይዘጋል፤ ሁለቱም የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ ይላሉ።»

«እኛ ቤት አባወራ የለም» አለች ልጄ፣ እየሰረዘችው።

«ይኸው ቆሞ የለም እንዴ በመስኮቱ» አለ ጠጋኙ ወደ ወንድ ልጄ እያየ። «አንተ ወንድሜ፣ እንዲያው ከምትቆም ያንን ገመድ አቀብለኝ።»

«እኔ ታዛቢ ነኝ» አለ ወንድ ልጄ።

«ታዛቢ ምርጫ ጣቢያ ነው የሚቆመው። አቀብለኝ።»

አቀበለው። ነፃው ቪፒኤን ወጣ፤ ስልኩ ታደሰ፤ የድርጅቱ ተጫነ። ስሟንና ፓስወርዷን ስታስገባ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ጠጋኙ በዚህ ብዙ አልተደሰተም። ስልክ ሁልጊዜ ቀላል ነው አለ። ግን አንድ ነገር አወቅን አለ፤ ስሟም ፓስወርዷም ትክክል ነው፣ በዚያ በኩል ያሉት ሰዎችም ያውቋታል።

ቀጥሎ ላፕቶፑን ከፈቱ። ላፕቶፑ በጣም ስለተንቀራፈፈ ጠጋኙ ራሱ ካመት በፊት ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጭኖበት ነበር። በዚህኛው ላይ ነገሩ በመንካት ሳይሆን በመጻፍ ነው። ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ይወጣል፤ ትእዛዙ ይጻፋል፤ ማሽኑ በጽሑፍ ይመልሳል። ልጄ የምታስገባውን ጠጋኙ ከስልኩ ላይ ያነብላታል።

«ቀስ በይ። እዚህ አንዲት ጭረት ከጎደለች አይቀበልሽም።»

«አንተ ቀስ በል። እኔ ጨርሻለሁ፤ አንተ ነህ ገና የምታነበው።»

«ኧረ! ይቺን ማነው ያስተማራት?»

ልጄ በአውራ ጣቷ ወደ ቡፌው ጠቆመች። 

ስምንት ሰዓት ከሩብ ገደማ ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤኑ ተከፈተ። መስመሩ ደህና እንደሆነ በዚህ ታወቀ። ነገር ግን ለሥራው የሚያስፈልገው የትየባ ፕሮግራም ለዚያ ሲስተም የተዘጋጀ አልነበረም። በሩ ተከፍቷል፤ ወንበር ግን የለም፤ ጠጋኙ እንደዚያ ነው ያለው። ፕሮግራሙን ለማታለል ግማሽ ሰዓት ሞከረ፤ አልታለለም። ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ ጎን አደረገው።

«እንግዲህ ወደ ጋሼ ማሽን» አለ።

የባለቤቴ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ያለው ነው። ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ የሠፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኖ ነበር፤ ቃለ ጉባኤና የስብሰባ ጥሪ ይጽፍበታል። ሌላ አገልግሎት አልነበረውም። ጠጋኙ ገመዱን ሰክቶ አበራው። ማሽኑ ለመነሳት ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ይህን ጊዜ ወንድ ልጄ ከመስኮቱ ሳይነቃነቅ እንዲህ አለኝ፤

«እማዬ፣ ምድጃው ጠፍቷል አይደል?»

«ጠፍቷል።»

«ባለፈው እሑድ ስለረሳሽው ነው።» ከዚያ ወደ ጠጋኙ ዞረ። «ድስት ጥዳ ረስታ ጎረቤት ነው ጭሱን አይቶ የገባው። ባለፈው ወር ደግሞ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታው አደረች።»

«ማን አለ የማይረሳ» አለ ጠጋኙ። «እኔ ሱቄን ሳልቆልፍ አየር ጤና ድረስ ሄጃለሁ።»

«አንተ ሰባ ዓመትህ አይደለም» አለ ወንድ ልጄ። በክፋት አልነበረም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሐኪም ፊት እንደሚናገር ሰው ዓይነት። እውነትም ድስቱን ረስቼው ነበር። ቁልፉንም። 

ቪፒኤኑን በፍላሽ ጫኑበት። የትየባ ፕሮግራሙም ያለ ችግር ገባ። ልጄ ስሟንና ፓስወርዷን ጻፈች። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ቀይ ምልክት ያለበት ጽሑፍ አወጣ። ጠጋኙ መነጽሩን ፈለገ። ልጄ ቀድማ አነበበችው።

«የምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም ይላል።»

«የምን ምስክር ወረቀት?» አለ ወንድ ልጄ።

«የድርጅቱ ነው» አለ ጠጋኙ። «ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ከዚያ ወገን ያሉት በእውነት እነሱ መሆናቸውን በመታወቂያ ያጣራል። መታወቂያው ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል አለ። አንዳንዴ የማሽኑ ሰዓት ሲዛባ እንዲህ ይላል።»

ጎንበስ ብሎ በስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓት አየ። ከዚያ እጁን አዙሮ የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ዘጠኝ ተኩል። ልክ ነው» አለ። «ቀኑም ልክ ነው። ሰዓት አይደለም።»

ቀና ብሎ ሌላ ምክንያት መፈለግ ጀመረ።

ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ተኩል ይላል። ጠረጴዛው ላይ ያለው የልጄ ስልክ ሦስት ተኩል ይላል። እኛ ስልክ ላይ ሦስት ተኩል ስናይ ዘጠኝ ተኩል ብለን ማንበብ ከለመድን ቆይተናል፤ ስለዚህ ማንም ሁለቱን አላስተያየም። ኮምፒውተር ግን ከፋብሪካ ሲወጣ በእኛ ሰዓት አይቆጥርም፤ የእኛንም ወርና ዓመት አያውቅም። ለዚህኛው ያንን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለቤቴ የእድሩን ጥሪ ሲጽፍ ነው። አንድ ጊዜ ቀኑን ከኮምፒውተሩ ጥግ ገልብጦ፣ የፈረንጁን ቀን ከነዓመቱ ጽፎ በእድሩ በር ላይ ለጠፈው። አባላቱ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቁትም። «ጸሐፊያችን፣ ስብሰባው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው አሉ» ይሉታል በመንገድ ሲያልፍ። «እስከዚያ ማን ይቀብረናል?» ባለቤቴ ቀልድ የሚወድ ሰው ቢሆንም ጽሑፉ ሲተችበት አይወድም። ቤት ገብቶ፣ «አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ፤ ይህን ዕቃ የእኛን አቆጣጠር አስተምሪው» አለኝ።

አስተማርኩት። ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ምልክት አጠፋሁ፤ ከዚያ የእኛን ሰዓት፣ የእኛን ቀን፣ የእኛን ዓመተ ምሕረት በእጄ ሞላሁ። ነገር ግን ማሽኑ መስከረምን እንደራሱ የመጀመሪያ ወር ስለሚቆጥር ሠላሳ አንድ ቀን ያደርገዋል። ጥቅምትን በሃያ ስምንት ይጨርሰዋል። ጳጉሜን ጭራሽ የለውም፤ በእነዚያ ቀናት በነሐሴ መጨረሻ ላይ አቆመው ነበር። ስለዚህ በየጊዜው ማየትና ማረም ያስፈልጋል። ባለቤቴ ቁርሱን ሲበላ እኔ ኮምፒውተሩን አብርቼ፣ ቀኑን አይቼ፣ ካስፈለገ አርሜ እተውለታለሁ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሞተ በኋላም ቀጠልኩ። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ ኮምፒውተሩን አበራለሁ፤ ቀኑን አያለሁ፤ አጠፋዋለሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሴት ልጄ በዚያ ሰዓት ተኝታ ነው የምትሆነው። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። የዚያን ቅዳሜ ጠዋትም ሻንጣዬን ከመዝጋቴ በፊት አይቼዋለሁ።

«ገና አልጸናም» የሚለውን ስሰማ ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ። በቢሮ ዘመኔ አንድ ጊዜ ለኤምባሲ የተጻፈ ደብዳቤ በእኛ ዓመተ ምሕረት ብቻ ወጥቶ ነበር። ጊዜው ያለፈበት ነው ተብሎ ተመለሰ። አለቃዬ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ በሚሄድ ደብዳቤ ላይ ሁለቱንም ቀን ሳልጽፍ ቀርቼ አላውቅም። አሁን የሆነው የዚያ ተቃራኒ ነው። ኮምፒውተሩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቆሟል፤ የድርጅቱ መታወቂያ ለእሱ ገና ወደፊት የሚሰጥ ወረቀት ነው።

መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን ያንን ከተናገርኩ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ማን አስተካከለው፣ መቼ፣ ለማን። ወንድ ልጄ በመስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ድስቱንና ቁልፉን አሁን ቆጥሯል። ለሞተ ሰው በየማለዳው ሰዓት እንደማስተካክል ከሰማ ሦስተኛ ይሆናል። ጠጋኙ ሙያው ነው፤ በራሱ ያገኘዋል ብዬ አሰብኩ። እሱ ካገኘው ማሽኑ ስላረጀ ነው ይባላል፤ ያልፋል። ስለዚህ ቆሜ ጠበቅሁ።

ጠጋኙ ቪፒኤኑን አውጥቶ እንደገና ጫነው። ያው ሆነ። የማሽኑ ጸረ ቫይረስ ይሆናል ብሎ አጠፋው። ያው ሆነ። ሌላ ተራ ገጽ ለመክፈት ሞከረ፤ እሱም አልከፍት አለ። ይህን ሲያይ ገመዱ ነው አለ፤ የላፕቶፑን ገመድ ነቅሎ ለዚህ ሰካ። ከዚያ በስልክ ኢንተርኔት ሞከረ። እየቆየ ቀልዱ ቀነሰ። ላብ ስላለበው ኮቱን አውልቆ ሶፋው ላይ ወረወረው።

«አማት ያልኩት ይሄን ነው» አለ አንዴ። ማንም አልሳቀም።

ልጄ ከወንበሩ አልተነሳችም። በየሙከራው ፓስወርዷን ትጽፋለች፤ እጇን ከመጻፊያው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፤ ቀዩ ጽሑፍ ይመጣል። አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኳ ላይ ከድርጅቱ የቅጥር ኃላፊዋ አንድ መልእክት መጣ። አንድ ሰዓት ቀርቶሻል የሚል ነው። አነበበችልን። እኔ የቡፌውን ጠርዝ ይዤ ነበር። ሁለት ጊዜ ልናገር አስቤ ሁለቱንም ጊዜ ጠጋኙ አዲስ ሐሳብ አገኘ፤ ይሄኛው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጠጋኙ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«እዚህ አልሆነም» አለ። «ሱቅ ወስጄ ዊንዶውሱን ከሥር ልቀይረው። ለዛሬ ግን…»

አልጨረሰውም። ማሽኑን አጠፋውና ገመዱን ለመንቀል ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

«አትንቀለው» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጠጋኙ ከጠረጴዛው ሥር አንገቱን አወጣ።

«ሰዓቱ ነው። ልክ የሆነው በእኛ ነው። እሱ በፈረንጅ ነው መሆን ያለበት። ዓመቱም የእኛ ነው።»

ጠጋኙ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። ከዚያ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«ወይኔ!» አለ። «ወይኔ ሰውዬው! አይቼው እኮ ነው! ከእጄ ሰዓት ጋር አስተያይቼው!» ማሽኑን መልሶ አበራው። «ተነስ፣ ተነስ እንጂ አንተ አሮጌ!»

«ማን ነው እንደዚያ ያደረገው?» አለ ወንድ ልጄ።

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። በየቀኑ አየዋለሁ።»

«ለምን?»

«አባትህ እንደዚያ ነበር የሚፈልገው።»

ወንድ ልጄ እህቱን አየ። እሷ አላየችውም፤ ጥቁሩን ስክሪን ነበር የምታየው። ማሽኑ እየተነሳ ነው። በልማዱ ብዙ ደቂቃ ወሰደ።  የጠጋኙ ጣት ጠረጴዛውን ይመታል። ገጹ ሲከፈት ልጄ የሰዓቱን ሳጥን አወጣች።

«እማዬ፣ በፈረንጅ ንገሪኝ» አለች ሳትዞር።

ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በፈረንጅ ነገርኳት። ሰዓቱ አምስት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ነው አልኳት። ጻፈችው። ቪፒኤኑን ከፈተች፤ ፓስወርዷን አስገባች። ማሽኑ አሰበ። አረንጓዴ ምልክት መጣ።

«ገባ!» አለ ጠጋኙ። እጁን አጨበጨበ። «ገባ! ሥራውን ክፈቺ፣ ፈጠን በይ።»

የሥራው ገጽ በዚያ አሮጌ ማሽን ላይ ቀስ ብሎ ነው የተከፈተው። መጀመሪያ የማረጋገጫ ቁጥር ጠየቀ። ቁጥሩ በስልኳ መጣ፤ አስገባችው። ነጭ ገጽ መጣ፤ ከላይ ስሟ ተጽፎበታል። ከሥሩ ለመጀመር ፈቃድ የለዎትም የሚል ነበር። እሷ ያንን እያነበበች ስልኳ ጮኸ። አንስታ የኃላፊዋን መልእክት አየች። አሥራ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሆኖ ነበር።

«ምን አለች?» አለ ወንድ ልጄ።

«ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ተሰጥቷል አለች።»

«አራት ደቂቃ!» አለ ጠጋኙ። «በአራት ደቂቃ? እኛ አገር ሙሽራ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል እኮ! ጻፊላት፣ ችግሩ የሰዓት ነበር በያት።»

ጻፈችላት። ሁላችንም ባለንበት ቆመን መልሱን ጠበቅን። መልሱ ቶሎ መጣ፤ አጭር ነበር። ልጄ አነበበችው፤ ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሰኞ ለኤጀንሲው እደውላለሁ» አለች።

ጠጋኙ ኮቱን ከሶፋው ላይ አነሳ። ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ላፕቶፑን በሥርዓት ዘጋው፤ ገመዶቹን አንድ በአንድ ጠቅልሎ አሰራቸው። ምንም ያህል ብንለው ለድካሙ ገንዘብ አልቀበልም አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

«እትዬ፣ እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ» አለ።

«አንተ አይተሃል» አልኩት። «ልክ ነበር።»

በረንዳው ላይ ጫማውን ሲያጠልቅ ቆየ፤ ከዚያ የግቢው በር ሲዘጋ ተሰማ።

ወንድ ልጄ ዛሬ ይሁን ነገ ብሎ ጠየቀኝ። ዛሬ ይሁን አልኩት። ሻንጣው ተዘጋጅቷል። እሱ መኪናውን ሊያዞር ወጣ። ሴት ልጄ ከወንበሩ ተነስታ ነጠላዬን ከመስቀያው አወረደችልኝ። ትከሻዬ ላይ ስታደርግልኝ ፊቷ ከጎኔ ነበር።

«እማዬ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«ዘጠኝ ተኩል ላይ።»

የነጠላውን ጫፍ አስተካከለች። ወደ ወንበሩ ተመልሳ ተቀመጠች። ስክሪኑ አልጠፋም ነበር፤ በጥጉ አምስት ሰዓት ከሃያ ይላል። የቤቱን ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ቡፌው ላይ አስቀመጥኩ። ሻንጣዬን ከበሩ ኋላ አንስቼ ወጣሁ።